ቢሾፍቱ የተባለው ጊሽጣ

ባለቤቴ አብዱልሃኪም የጭነት መኪናውን ይዞ ወደ ጅቡቲ መስመር ሲወጣ፣ አዋሽን አለፍኩ ብሎ እስኪደውልልኝ ድረስ ምግብ አይወርድልኝም። ልጆቼ ሲያስነጥሳቸው ዝንጅብል እጥዳለሁ። ክረምት ሳይገባ የግቢውን ቦይ አስጠርጋለሁ፤ በጋ ሳይገባ ያለኝን ጀሪካን ሁሉ እሞላለሁ። ቲማቲሜን ገና ጉንጩ ቀላ ሲል እቀጥፈዋለሁ፤ አንድ ቀን ብታገሥ ወይ ትሉ ወይ ወፉ ይቀድመኛል ብዬ።

«ቀመር፣» ይለኛል አብዱልሃኪም፣ «አንቺ እኮ የፈራሽው ነገር ሳይመጣ ሲቀር ቅር ይልሻል።»

ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ያኔ እንስቅ ነበር።

ቤታችን አዳማ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ጎርፍ በየክረምቱ ሳይጠራ በሚመጣበት ሰፈር ነው። ግቢው ሰፊ አይደለም፤ ግን ከማድ ቤቱ ጀርባ እስከ ምሥራቁ አጥር ድረስ ያለችውን መሬት አንድ ስንዝር ሳላስቀር ተክዬባታለሁ። ከሰኔ እስከ መስከረም ጎመንና ቆስጣ፣ ከጥቅምት በኋላ ሽንኩርትና ቃሪያ፣ አጥሩ ሥር ጤና አዳምና በሶብላ፣ ጥግ ላይ አንድ ሎሚ። አፈራችን አሸዋ የበዛበት ነው፤ ውኃ አይዝም። የቧንቧ ውኃ በሳምንት ሁለቴ ስለሚመጣ ጎመኔ የሚጠጣው ዕቃ የታጠበበትን ነው። ይህን ሁሉ የምናገረው ስለ ጎመኑ ብዬ አይደለም። ስለ አንድ ጊሽጣ ነው።

ልጄ ሀኒያ ዘጠነኛ ክፍል ሳለች፣ በጥር የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ሲያልቅ፣ ትምህርት ቤታቸው ተማሪዎቹን ቢሾፍቱ ሊያስጎበኝ ተነሣ። ሐይቅ ሊያዩ። እኔ ሐይቅ የሚለውን እንደ ሰማሁ ነገሩ አለቀ።

«እማ፣ ከዳር ቆመን እኮ ነው የምናየው።»

«ከዳር የቆመ ነው የሚገባው።»

«ዋና አልችልም፤ እንዴት ብዬ ነው የምገባው?»

«እሱን እኮ ነው እኔም የምልሽ!»

ወንድሟ ጠሃ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወጣ። እሷ ግን አልሳቀችም። ጓደኞቿ አውቶቡስ ላይ እየዘፈኑ በዋናው መንገድ ሲያልፉ ድምፃቸው ግቢያችን ድረስ ተሰማ። አንጀቴ አልችል አለና መንገድ ዳር ከሚሸጡት ሴቶች ሁለት ትልልቅ ጊሽጣ ገዝቼላት መጣሁ። ተቀበለችኝ፤ አመስግና ግን አልነበረም። ደጃፍ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠችና እየመጠጠች፣ ጥቁር ጥቁሩን ፍሬ አፈር ወደሞላሁበት ባዶ የወተት ቆርቆሮ እንትፍ፣ እንትፍ ትለው ጀመር። ቆርቆሮውን ለቃሪያ ችግኝ ነበር ያዘጋጀሁት።

«አንቺ! የቃሪያዬን ቦታ!»

«ተይኝ፤ ቢሾፍቱ ደርሻለሁ» አለችኝ፤ ፊቷን ሳታዞር።

ያን ሁሉ ፍሬ ተፍታ በመጋቢት አንዲት ብቻ በቀለች። ሌላው ሁሉ በስብሶ ቀረ። ሀኒያ የበቀለችውን «ቢሾፍቱ» አለችው። ጠዋት ውኃ ልታጠጣ ስትወጣ «ቢሾፍቱ ደርሼ መጣሁ» ትላለች። ስትመለስ «ሐይቁ ደኅና ነው፤ ማንም አልሰመጠም» ትለኛለች። በሰኔ ከምሥራቁ አጥር ሥር ተከልነው። ቦታውን የመረጡልን ጋሽ ሰንበታ ናቸው፤ ጎረቤታችን፤ ወንጂ ሸንኮራ እርሻ ላይ ዕድሜያቸውን ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ። «አጥሩ ከነፋስ ይጋርደዋል» አሉ። እውነታቸውን ነበር። በሁለተኛው ክረምት ወገቧ ላይ ደረሰ።

ሀኒያ ያረፈችው አሥራ አንደኛ ክፍል በገባች በሁለተኛው ወር፣ በጥቅምት ነው።

ይህን በአጭሩ ልናገረው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ቤተሰቡ ሁሉ በእኔ ጭንቀት ተሰላችቶ ነበር። ጠሃ «እማ፣ አንቺ ካልተረጋጋሽ እኛ ነን የምንታመመው» ብሎኝ ነበር፤ በቁጣ ሳይሆን በልመና። እኔም ለራሴ ቃል ገባሁ። የተረጋጋች እናት እሆናለሁ አልኩ። ሀኒያ ያን ዕለት ማታ ራሴን አመመኝ፣ ትኩሳትም አለኝ ስትል፣ በጥቅምት አዳማ ውስጥ ወባ የማይነካው ማን አለ፣ ነገ ጠዋት እናስመረምራታለን ብዬ ማስታገሻ ሰጠኋት። ጠሃ ሲያሾፍባት ስትስቅ ሰማኋት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ግንባሯን እዳስስ ነበር። ያን ሌሊት አልተነሣሁም። ተረጋግቼ ተኛሁ። ሲነጋ አላወቀችኝም። ማጅራት ገትር ነው አሉን። በሦስተኛው ቀን ቀበርናት። በጊዜ ብናመጣት ኖሮ ብዬ ሐኪሙን አልጠየቅሁትም። መልሱን ፈራሁ።

ከዚያ ወዲያ የቀረኝ ነገር ልብሷና ደብተሯ ነው፤ እነሱ አያድጉም። ቢሾፍቱ ግን ያድጋል። ከአፏ የወጣ ነው። እሷ የተፋችው ፍሬ ነው ቅጠል ሆኖ የሚወዛወዘው። በሚቀጥለው ሰኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አበበ፤ አበባው ወደ መሬት ያቀረቀረ፣ አረንጓዴ፣ ካልቀረቡት የማይታይ ነው። ሁሉም ረገፈ። ጋሽ ሰንበታ አጽናኑኝ።

«የመጀመሪያው አይያዝም። ልጅ ነው ገና። ለከርሞ ታዪዋለሽ፤ ፍሬ ይይዛል።»

ያን ዓመት ሙሉ የኖርኩት ለከርሞ ነው። አንዱን ጊሽጣ ቆርጬ ለጠሃ፣ አንዱን ለአባቱ፣ አንዱን ለጋሽ ሰንበታ። የምመኘው ሌላ ነገር አልነበረኝም።

በጥር ወር አንድ ጠዋት ሁለት ወጣቶች የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ለብሰው፣ ሜትር እየጎተቱ በሰፈራችን መጡ። የምሥራቁን አጥራችንን በውጭ በኩል ለክተው በቀይ ቀለም ቁጥርና ቀስት ጻፉበት። ሮጬ ወጣሁ።

«ምንድን ነው ልጆቼ?»

«የጎርፍ መውረጃ ሊሠራ ነው፣ እናት። ልኬት ነው።»

«ወደ ውስጥ ይገባል?»

«ሊገባም ይችላል፤ ላይገባም ይችላል። አልተወሰነም።»

«መቼ ነው?»

«ክረምት ሳይገባ ይባላል። እኛ ቀለም ቀቢዎች ነን፣ እናት።»

ካሉት ሁሉ ጆሮዬ የያዘው «ሊገባ ይችላል» የሚለውን ብቻ ነው። ከአጥሩ እስከ ጊሽጣው ሁለት እርምጃ አይሞላም።

ፊት ለፊታችን ሱቅ ያላት ቡዜ ቀስቱን አይታ ሳቀች። «አይዞሽ የጠሃ እናት! የእህቴን አጥር ቀለም ከቀቡት አምስት ዓመቱ ነው። ቀለሙ ራሱ መጠበቅ ሰልችቶት ለቀቀ።»

እኔ ግን አልሳቅሁም። ዶዘሩ በሕልሜም በውኔም መጣ። አጥሩን ሲገፋ፣ ቢሾፍቱን ከሥሩ ሲገለብጥ፣ ሰንሰለቱ ሲሄድበት አየሁ። ጋሽ ሰንበታ ቤት ሄድኩ።

«አካም ቡልቴ፣ ሃዳ ጠሃ» አሉኝ፤ እንዴት አደርሽ የጠሃ እናት ማለታቸው ነው። ገና ፊቴን ሲያዩ ነገር እንዳለ ገባቸው።

«ነጋ፣ ደኅና ነኝ፣ ጋሽ ሰንበታ። ጊሽጣውን ላዛውረው ነው። ከማድ ቤቱ ጀርባ።»

«በቦና?» አሉ። በጋ ማለታቸው ነው። «በዚህ ፀሐይ ዛፍ አይነቀልም፣ ልጄ። ሰኔን ጠብቂ። ዝናቡ ሲጥል እኔ ራሴ አዛውርልሻለሁ።»

«ቆፋሪዎቹ እስከ ሰኔ ባይጠብቁኝስ?»

«ዶዘር ሌባ መሰለሽ? ድምፁ ከወንጂ ይሰማል። ሰፈር የገባ ዕለት አካፋዬን ይዤ እመጣለሁ። ቃሌ ነው።»

«እርስዎ ቤት ባይኖሩስ?»

«የት እሄዳለሁ? ጡረተኛ ነኝ።»

«ቢያምዎትስ?»

«በይ፣ የልብሽን አድርጊ» አሉ፤ ዐይናቸውን ከእኔ አንሥተው ወደ መሬት።

አብዱልሃኪም ከሚሌ ደውሎ «ተይው ቀመር፣ እባክሽ ተይው» አለኝ። ጠሃም ለመነኝ። ጠሃ መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል ይጠግናል፤ ትዕግሥት የሚያውቅ ልጅ ነው። «እማ፣ ያልተበላሸ ስልክ ለምን ትከፍቻለሽ?» አለኝ። እኔ ግን ለራሴ የነገርኩት አንድ ነገር ነበር፦ ባለፈው ጊዜ ነገ ጠዋት ብዬ ነው። ዘንድሮ ነገ አልልም።

በየካቲት መጀመሪያ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ጠሃ እያጉረመረመ ቆፈረልኝ። ዙሪያውን ሰፋ አድርገን ከነአፈሩ ልናነሣው፣ እርጥብ ማዳበሪያ ጠቅልለንበት ልንሸከመው ነበር ያሰብነው። ግን ያ አፈራችን ነው። ገና ከፍ ስናደርገው እንደ ጤፍ ፈሰሰ። ሥሩ እርቃኑን ቀረ፤ ቀጭን ቀጭኑ፣ እንደ ፀጉር ያለው ሥር ከአፈሩ ጋር እየተበጠሰ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ። ጠሃ ቀና ብሎ አየኝ። በማዳበሪያው ሸፍነን እየሮጥን ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ የውኃ ሮቶው ጥላ ሥር ወደ ቆፈርነው ጉድጓድ አስገባነው። የሀኒያን አሮጌ አንሶላ በአራት እንጨት ወጥሬ አጠለልኩበት። ሁለት ጀሪካን ውኃ አፈሰስኩ።

በሦስተኛው ቀን ቅጠሉ ጠወለገ። በሳምንቱ ተንኮታኩቶ ወደቀ። ባዶ እንጨት ሆነ።

ጋሽ ሰንበታ ሊጠይቁኝ መጡ። አልወቀሱኝም። «ጊሽጣ በቦና ቅጠሉን ይጥላል። ባይነቀልም ይጥል ነበር። ይህ ሞት አይደለም» አሉ። አላመንኳቸውም፤ ፊቴ ላይ አነበቡት መሰለኝ፣ ቁጢጥ ብለው ከመሬቱ አንድ ስንዝር ከፍ ካለው ግንድ ላይ በጥፍራቸው ቅርፊቱን ትንሽ ፋቅ አደረጉት። ከሥሩ አረንጓዴ ታየ። እርጥብ፣ ብሩህ አረንጓዴ።

«ይኸው። ታች አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ። ጫፉ ቢደርቅም ችግር የለም። አየሽ? በቃ፤ ውኃ ስጪውና ተይው።»

አለቀስኩ። ስንት ጊዜ እንዳመሰገንኳቸው አላስታውስም። ከብዙ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጄ የምነካው መልስ አገኘሁ። አለ ወይስ የለም? ፋቅ ማድረግ ነው። አለ።

በማግሥቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ገና ወገግ ሲል፣ ሹልክ ብዬ ሄድኩ። እሳቸው የፋቁት ቦታ ቡናማ ሆኗል። ደነገጥኩ። ሞተ አልኩ። አጠገቡን በጥፍሬ ፋቅሁት፤ አረንጓዴ። አልሃምዱሊላህ ብዬ ጎመኔን ላጠጣ ሄድኩ። ያን ቀን ሙሉ እጄ ሥራ ያዘ። ሳቅሁም መሰለኝ።

በነጋታው ያ ደግሞ ቡናማ ሆኖ አገኘሁት። አጠገቡን።

ረመዳን ገባ። ከሱሑር በኋላ ሁሉም ተመልሶ ሲተኛ እኔ ወደ ጓሮ። መጋቢት ላይ የአዳማ ነፋስ ተነሣ፤ የታጠበውን ልብስ ሁሉ አቧራ ያለብሳል። የሀኒያን አንሶላ ሁለት ጊዜ ቀደደው፤ ሁለት ጊዜ ሰፋሁት። ግንዱ ሥር እርጥበት እንዲይዝ ገለባ ከመርኩበት፤ ለመፋቅ ሲሆን ገለባውን ገለጥ አደርግና መልሼ እሸፍነዋለሁ። ቅርፊቱ ከፀሐዩ የተነሣ ጠንከር ሲል ጥፍሬ ስለማይገባ የሎሚ መቁረጫዋን ትንሽ ቢላዋ ይዤ መሄድ ጀመርኩ። ብዙ አይደለም። የስንዴ ቅንጣት ታህል። ቢላዋዋ አንዳንዴ ነጩ እንጨት ድረስ ትገባ ነበር፤ ያኔ ትንሽ ራቅ ብዬ እንደገና አረንጓዴውን እስካይ ድረስ እፈልጋለሁ።

«እማ፣ በየጠዋቱ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ ጠሃ አንድ ቀን።

«ውኃ አጠጣለሁ።»

«ጀሪካኑ የታለ?»

«አንተ ፖሊስ ነህ እንዴ?» አልኩት። ሳቀና ተወኝ።

ሚያዝያ ላይ ሁለት ቀን ዘነበ። በሦስተኛው ቀን ቅርንጫፎቹ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ነገር ተደርድራ አየሁ። ጮህኩ። ጠሃ በአንድ እግሩ ጫማ፣ በአንዱ ባዶ እግሩን እየሮጠ መጣ፤ እባብ የነደፈኝ መስሎት ነበር። «ቢሾፍቱ!» አልኩት፤ «ቢሾፍቱ አቆጠቆጠ!» አቀፈኝ። ደጅ ላይ ለሚጫወቱ የሰፈር ልጆች ዳቦና ቴምር አደልኩ። ቡዜ «ምን ተገኘ?» ብትለኝ «የልጅ ልጅ» አልኳት፤ ከት ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ምን ማለቴ እንደ ሆነ ሲገባት አፏን በእጇ ያዘች።

ቅጠል ካወጣ በኋላ መፋቅ ማቆም ነበረብኝ። ማንም ጤነኛ ሰው ያቆማል። ግን ቅጠል ያታልላል። ሀኒያም ያን ዕለት ማታ ስትስቅ ነበር። እኔ ላይ ላዩን አይቼ ተኝቻለሁ። ስለዚህ ቅጠሉ እያማረ ሲሄድ እኔ ይበልጥ ወደ ታች፣ ወደ ግንዱ አየሁ። በየጠዋቱ አረንጓዴ ነበር። በየጠዋቱ አልሃምዱሊላህ አልኩ።

ግንቦት አጋማሽ ላይ አበባ አገኘሁበት። ሦስት። እንደ ልማዱ አቀርቅሮ፣ ለማንም ሳያሳይ።

በዚያው ሳምንት መቆፈሪያ መኪናው መጣ። እውነትም ጋሽ ሰንበታ እንዳሉት ድምፁ ከሩቅ ነበር የተሰማው። በር ላይ ቆሜ ስጠብቀው በሰፈራችን ገባና፣ በእኛ በኩል ሳይሆን በቡዜ ሱቅ በኩል ባለው የመንገዱ ዳር መቆፈር ጀመረ። ጉድጓዱ በአሥር ቀን አለቀ። የእኛን አጥር የነካው የለም። ቀዩ ቀስት እዚያው አለ።

«የጠሃ እናት፣ አጥርሽን በነፃ ቀለም ቀቡልሽ!» አለች ቡዜ። የሱቋ ደረጃ ተሰብሮባት ነበር፤ እሷ እየሳቀች ነው።

ገብቼ አጥሩ ሥር ቆምኩ። ቢሾፍቱ የነበረበት ጉድጓድ ግማሹ በአሸዋ ሞልቷል። ምንም አይደለም አልኩ ለራሴ። ድኗል። ሦስት አበባ ይዟል። የትም ቢሆን ይሁን፣ ብቻ ይኑር።

ሰኔ ላይ ዝናቡ በትክክል ገባ። ሰው ሁሉ ደስ አለው። ጎመኔ በአራት ቀን ጆሮውን ዘረጋ፤ ሎሚው አዲስ ቅጠል አወጣ፤ ማንም ያልተከለው ሣር እንኳ የጀሪካኖቹን መሐል ሞላው። ግቢው ሁሉ ውኃ ሲጠጣ ቢሾፍቱ ብቻ ቅጠሉን እንደ ተጠማ ወደ ታች ለቀቀ። መጀመሪያ ውኃ በዝቶበት ነው አልኩ። ከዚያ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ከዚያ ሦስቱ አበባ በአንድ ቀን ወደቁ። ያን ዕለት ጠዋት ስፍቀው አረንጓዴ የምፈልግበት ቦታ አጣሁ። ግንዱን ዞርኩት፤ በየትኛውም በኩል ያልፋቅሁት ቦታ አልነበረም። የሆነውን ግን አልተረዳሁም፤ ወይም መረዳት አልፈለግሁም። ገለባውን መልሼ ሸፈንኩና ጠሃን ጋሽ ሰንበታን ጥራልኝ አልኩት።

ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ቅጠሉን አዩ፤ ቅርንጫፉን አጎንብሰው አዩ። ከዚያ ተቀመጡና ገለባውን በእጃቸው ገለጥ አደረጉት። ጠሃ ከኋላቸው ቆሟል። እኔ ከሮቶው አጠገብ።

ግንዱ ዙሪያውን አንድ ስንዝር በሚያህል ቦታ ላይ ቅርፊት አልነበረውም። ቡናማ፣ ደረቅ፣ ትንንሽ ጠባሳ በጠባሳ ላይ ተደራርቦ እንደ ቀለበት ገጥሟል። ዛፍ የሚኖረው በቅርፊቱ ነው፤ ላይና ታቹ የሚገናኙት በእሱ ነው። ዙሪያውን ከተላጠ ላዩ ለብቻው፣ ታቹ ለብቻው ይሞታል። ይህን ጋሽ ሰንበታ ያን ቀን አልተናገሩም፤ በኋላ ነው የተማርኩት። ያን ቀን ቀለበቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። የቢላዋዋን ምልክት ያወቁት ይመስለኛል፤ ዕድሜ ልካቸውን ሸንኮራ በቢላዋ ሲቆረጥ ያዩ ሰው ናቸው። ቀና ብለው አዩኝ። እጄን አዩት። እጄ ነጠላዬ ውስጥ ነበር።

«አይጥ ነው» አሉ።

«አይጥ?» አለ ጠሃ።

«አይጥ። ገለባ ሥር ይደበቅና ቅርፊት ይበላል። በቦና ሲጠማው እርጥብ ይፈልጋል። የማንም ጥፋት አይደለም።» ይህን የመጨረሻውን ለእኔ ነው ያሉት። «ከቁስሉ በታች ቁረጠው፣ ልጄ። ሥሩ ብርታት ካለው ያቆጠቁጥ ይሆናል።»

ሊወጡ ሲሉ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም አድርገውት አያውቁም።

ጠሃ ግን ከመቁረጡ በፊት አይጡን ልያዝ አለ። «አዲሱን ቅጠል ደግሞ ይበላዋል» አለኝ። ከገበያ የሽቦ ወጥመድ ገዝቶ መጣ። የሥጋ ቁራጭ አድርጎ ግንዱ ሥር አጠመደው። በየጠዋቱ ወደ ሥራ ሳይሄድ ያየዋል። እኔ ማድ ቤት ሆኜ የወጥመዱ ሽቦ ሲንቋቋ እሰማለሁ። ልናገር እልና ወደ ድስቴ እመለሳለሁ። አባቱ ከመንገድ ሲደውል «አይጥ እኮ ነው አባ፣ ዙሪያውን ነው የቀረጠፈው» ይለዋል። አብዱልሃኪም በስልክ ውስጥ ይቅርታ ጠየቀኝ። «እኔ በመዛወሩ ነው የደረቀው ብዬ በልቤ ወቅሼሽ ነበር» አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። ይቅርታውን ተቀበልኩ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ጠሃ ከጓሮ ጠራኝ። ድምፁ ደስ ያለው ነበር።

«እማ! ነይ፤ ይኸው! ገዳዩ ተያዘ!»

ወጥመዱ ውስጥ አንዲት ትንሽ አይጥ ነበረች። ሽቦው ወገቧን ይዟት ሞታለች። ሆዷ ነጭ ነው። ጠሃ ወጥመዱን ከፍ አድርጎ ያዘልኝ፤ ዐይኖቹ እንባ አቅርረዋል፤ ፈገግ ለማለት ይሞክራል። እህቱ ከሞተች ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ ፊቴ አልቅሶ አያውቅም ነበር።

«ለሀኒያ ነው» አለኝ። «ቢሾፍቱን የበላችባት ይቺ ናት።»

ከሮቶው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

«ጠሃ፣ እሷን ተዋት። አይጥ አይደለም።»

«ጋሽ ሰንበታ እኮ—»

«ጋሽ ሰንበታ ለእኔ ብለው ነው። እኔ ነኝ። መኖሩን ለማየት እፍቀው ነበር። በጥፍሬ፣ በኋላ በሎሚዋ ቢላዋ።»

ወጥመዱን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው። ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ሁለታችንም ግንዱን እናያለን።

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«ስትፍቂው አረንጓዴ ነበር?»

«በየቀኑ አረንጓዴ ነበር» አልኩት።

ያን ዕለት ሥራ አልሄደም። አይጧን በጨርቅ ጠቅልሎ አርቆ ቀበራት። ከዚያ መጋዙን አምጥቶ ከቀለበቱ በታች ቆረጠው፤ ቁስሉን ጭቃ ቀባው። መጋዙ ሲሄድ ፊቴን አላዞርኩም።

ሐምሌ አለፈ፤ ነሐሴ አለፈ። ዝናቡ በዚያ ዓመት የተትረፈረፈ ነበር፤ አዲሱ መውረጃ ጎርፉን ወስዶልን ግቢያችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጥለቀለቅ ከረመ። በጉቶው አጠገብ ጎመን ስቀጥፍ ጀርባዬን ሰጥቼው ነው። አላየሁትም፤ አልነካሁትም፤ ጠሃንም አልጠየቅሁትም። በመስከረም ጠሃ ጉቶውን ወዝወዝ ሲያደርገው በአንድ እጁ ተነቅሎ ወጣ። ሥሩ በስብሶ ነበር።

ቡዜ በጥቅምት፣ ልጄ ባረፈች በሁለት ዓመቷ፣ ከገበያ ጊሽጣ ይዛልኝ መጣች። «ፍሬውን ትተክይዋለሽ» አለችኝ፤ በደግነት። በልቼ ፍሬውን በእጄ መዳፍ ላይ አኖርኩት። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ደኅና ፍሬ ነው። የወተት ቆርቆሮም አላጣሁም። ግን ይህ ከእኔ አፍ የወጣ ነው።